ከመካነ ሰላም ኮምቦልቻ፦ 38 ደቂቃ በወረቀት

የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ስም ሲሰጣቸው የአየር ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን አስልተው የሚናገሩ ፕሮግራሞች መካነ ሰላምንም ያውቋታል። ከመካነ ሰላም ኮምቦልቻ ስንት ነው ቢባሉ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 38 ደቂቃ ይላሉ። ባሕር ዳር 184፣ አዲስ አበባ 196 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ምድር ድቡልቡል መሆኗን ይዞ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አጭሩን መስመር መለካት ለኮምፒውተር ቀላል ሒሳብ ነው። የጎደለው አውሮፕላኑ ብቻ ነው። የወሎው ቦረና ከተማ መካነ ሰላም ዛሬ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የላትም። ከእርሷ በስተምሥራቅ በአየር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የጃማ ወረዳዋ ደጎሎ ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሟም የለ።

ታዲያ በሌለ በረራ ላይ ይህን ያህል ማውራት ምን ይረባል? የሚረባው፣ ርቀትን በቀጥታ መስመር ስንለካና መንገደኛው በእግሩ፣ በመኪናውና በትኬቱ ሲለካው የሚወጣው ልዩነት ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ብዙ የሚናገር በመሆኑ ነው። ደጋው ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። የራቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ሳይለዩ «አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራልን» ማለት ደግሞ ገንዘብን አለቦታው ማፍሰስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ 38 ደቂቃው ከየት መጣ? ብዙዎቹ ማስሊያዎች አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል ብለው ይነሱና ለመነሣትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይደምራሉ። 110 ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት ስምንት ደቂቃ ነው፤ 30 ሲታከልበት 38። ነገር ግን 800 ኪሎ ሜትር የጄት ፍጥነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮቹ በስፋት የሚያበረው ኪው 400 ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ቢፈጥን ቢፈጥን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እሱም ቢሆን እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ከፍታውን ይዞ ሲረጋ ነው።

በዚህ መስመር ደግሞ የሚረጋበት ጊዜ የለውም። ኮምቦልቻ 1860 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚነሣ አውሮፕላን ወዲያውኑ የሚገጥመው የደሴና የጉጉፍቱ ደጋ ነው፤ ቀጥሎ የአቀስታ አምባ፣ ከዚያም ከመስመሩ ብዙም ሳይርቅ ወደ 4000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት። በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አገር ላይ ከከፍተኛው ጉብታ በላይ ቢያንስ 600 ሜትር ገደማ መራቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ከ4500 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ እንደ ወጣ ደግሞ 2600 ሜትር ወደሚሆነው የመካነ ሰላም ሜዳ መውረድ ይጀምራል። በረራው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ይሆናል። ከጎማ መነሣት እስከ ጎማ መንካት 25 ወይም 30 ደቂቃ ቢወስድ አይገርምም። መንገደኛው የሚከፍልበት ሰዓት ግን ከዚያም ይረዝማል፤ አየር መንገዶች በመርሐ ግብር የሚያትሙት ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር 254 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ቢሄድ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በትኬቱ ላይ የሚታየው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ማስሊያዎቹ መካነ ሰላምን እንዴት አወቋት የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከተማዋ ኤም ኬ ኤስ የሚል ዓለም አቀፍ የሦስት ፊደል መለያ አላት። ይህ መለያ የሚያገለግለው ለትኬትና ለሻንጣ ነው፤ ሥፍራው በአንድ ወቅት በበረራ መርሐ ግብር ውስጥ መግባቱን ያሳያል። በጎጃም በኩል ሞጣ፣ በጎንደር በኩል ደብረ ታቦርም እንዲሁ መለያ አላቸው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘመን ምልክቶች ናቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው አየር መንገድ በአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ እገዛ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ በአገር ውስጥ የተስፋፋው በዲሲ 3 አውሮፕላን ነበር። ዲሲ 3 ሃያ ወይም ሠላሳ ሰው ይይዛል፤ አስፋልት አይጠይቅም፤ የተደለደለ የሣር ሜዳ ይበቃዋል። በኋላም 19 ሰው የሚይዙት ትዊን ኦተሮች መጡ፤ እነሱ በአጭር ሜዳ ላይ ተነሥተው ማረፍን የተካኑ ናቸው።

የዚያን ዘመን የገጠር ማረፊያ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ እንዲህ ብሎ ማሰብ ነው። አጥር የለም። በእንጨት ጫፍ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት ይውለበለባል። ከጠባቂው ሥራ አንዱ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ከብቱን ከሜዳው ማባረር ነው። መንገደኛው ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ምክንያቱም በትንሽ አውሮፕላን አንድ ወፍራም ሰው ወይም አንድ ማዳበሪያ እህል ሲጨመር አብራሪው የሚያውቀው ለውጥ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሜዳው ዋልካ አፈር ከሆነ ጨዋታው አለቀ። የጃማን መሬት የሚያውቅ ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም፤ የበሬ እግር የሚውጥ ጭቃ የአውሮፕላን ጎማ አይምርም።

ዲሲ 3 በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ከአገልግሎት ወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡት አውሮፕላኖች ፈጣን፣ ምቹና ትልልቅ ሆኑ፤ ትልቅ ሲሆኑ ደግሞ ረጅምና ጠንካራ መንደርደሪያ ጠየቁ፣ ብዙ መንገደኛም ጠየቁ። ኪው 400 ከ70 በላይ ወንበር አለው። መካነ ሰላምና ሞጣ በዚህ ዕድገት ከመስመሩ ወጡ። አቪዬሽኑ አደገ፤ የደጋው ከተሞች ግን ከሰማዩ ወረዱ። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መሆኑን ብዙ ጊዜ አንናገርም።

ይህ ደጋ ከዋናው መስመር ሲወጣ ግን የመጀመሪያው አልነበረም። ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋውን ጦር ወረኢሉ እንዲከት ነበር ያዘዙት። ወረኢሉ ከደጎሎ ቀጥሎ ያለችው ከተማ ናት። ከሸዋ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሠራዊት የሚረግጠው አምባ ይህ ነበር ማለት ነው፤ እግረኛና በቅሎ ውኃና ሣር ያለበትን ደጋ ይመርጣልና። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጣሊያን ግን መንገዱን ለመኪና ሠራ፤ ጣርማ በርን ፈልፍሎ በደብረ ሲና ወረደና ምሥራቁን ጠረፍ ይዞ በኮምቦልቻ ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ፣ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ በኋላም አውሮፕላን የሄዱት በዚያው ነው። አየር መንገዱ ትኬቱ ላይ «ደሴ» ብሎ የሚጽፈው በረራ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ለመድረስ ገና የሐረጎን ዳገት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት አለ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ርቀትን ተከትሎ አይደለም ለማለት ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለኛል። የሚሠራው መኪናው ቀድሞ በሄደበት ነው።

አሁን ደጎሎ ላይ እንቁም። ደጎሎ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከኮምቦልቻ ወደ 90። በመኪና ደግሞ በዓለም ከተማና በመራኛ በኩል ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በወረኢሉ በኩል እስከ ደሴ ከ100 በላይ። አንድ የደጎሎ ነጋዴ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልሂድ ቢል የሚሆነውን እናስላ። ንጋት 12 ሰዓት ተነሥቶ በወረኢሉ፣ በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ መንገዱ ቀንቶት በአራት ሰዓት ቢጨርስ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ማረፊያው በር ይደርሳል። ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለበረራው አንድ ሰዓት፣ ከቦሌ መርካቶ ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት። ሲደመር ስምንት ሰዓት ገደማ፤ ያውም በረራው እሱ በደረሰበት ሰዓት ካለ ነው። በረራው ማለዳ ከሆነ ኮምቦልቻ ማደር አለ፤ አልቤርጎና እራት ይጨመራል። በዚያው ንጋት በመራኛ በኩል የተሳፈረ ጎረቤቱ የጀማንና የወንጪትን ወንዞች ሸለቆ ወርዶ ወጥቶም ቢሆን ቀድሞት መርካቶ ገብቶ ሸቀጡን እያየ ይሆናል።

ነገሩን የሚያስቀው ሌላ ደግሞ አለ። ከኮምቦልቻ ቦሌ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ከደጎሎ በስተምሥራቅ ከሃያ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ባለ ርቀት፣ በመንዝና በግሼ ሰማይ ያልፋል። ነጋዴአችን ግማሽ ቀን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ የተሳፈረበት አውሮፕላን በተነሣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልሶ ሰፈሩ አጠገብ ያደርሰዋል። ጥሩ አየር ከሆነ የጃማን አምባ በመስኮት ያየዋል።

ከአንድ የክልል ከተማ ወደ ሌላ የክልል ከተማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኮምቦልቻና ባሕር ዳር ሁለቱም በአማራ ክልል ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት 267 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥታው መስመር የሚያልፈው በመቅደላ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ናፒዬር በ1860 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከህንድ ያመጣቸውን ዝሆኖች እየነዳ ያን አምባ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል፤ ኪው 400 ቢያልፍበት ከኮምቦልቻ በተነሣ በአሥር ደቂቃ ነው። ነገር ግን አያልፍም። የደሴ ሰው ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚሄደው በቦሌ በኩል ነው፤ 254 ወደ ደቡብ፣ ከዚያ 334 ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በድምሩ 588 ኪሎ ሜትር። ከቀጥታው በእጥፍ ይበልጣል። በመካከል ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ከሁለቱ በረራዎች ሊረዝም ይችላል። ለክልል ቢሮ ስብሰባ የተጠራ የመካነ ሰላም ሰው ይህን ከሚያደርግ ዓባይን በጉንደወይን በኩል ተሻግሮ በሞጣ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ብዙውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አየር መንገዱ ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ከእሱ ወገን ሆኖ ማየትም ያስፈልጋል። አብራሪው፣ ቴክኒሻኑ፣ መለዋወጫው፣ ነዳጁ ቦሌ ነው። ከኮምቦልቻም ከባሕር ዳርም የሚነሣው መንገደኛ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው የሚፈልገው፤ የቀረውም ከቦሌ ወደ ዱባይ፣ ጂዳ፣ ዋሽንግተን የሚቀጥል ነው። ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቦ መበተን ወንበር ይሞላል። ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያዎች አስተዳደርም በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ገብቷል፤ ማረፊያውን የሚሠራውና ወንበሩን የሚሸጠው አንድ ኪስ ነው። ወንበር የማይሞላበት ቦታ መንደርደሪያ የማንጠፍ ፍላጎቱ ቢቀንስ አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ነገር መታወስ አለበት። አየር መንገዱ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ጉዞ የሚያያይዝ መስመር ለዓመታት አብርሯል፤ «ታሪካዊው መስመር» ይባል ነበር። ቱሪስቱ ከከተማ ከተማ በአየር ሲዘዋወር የአገሩ ሰው በቦሌ ይዞር ነበር። እንግዲህ ከክልል ከተማ ወደ ክልል ከተማ መብረር የማይቻል ነገር አይደለም። ሰው ይገኝ እንጂ።

መካነ ሰላም ሰው አላት ወይ? ከበፊቱ አላት። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ከየክልሉ የሚመደብ ተማሪና መምህር ይመጣል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይዞ እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም በደሴ ሲዞሩ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር 196። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ያለበት ቦታ በአገራችን ብዙ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ሁለቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው ማለት ነው። ማረፊያ ይገባታል የሚለው ወገን ጠንካራ ክርክሩ ይህ ነው።

ነገር ግን የከፍታው ነገር አለ። 2600 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ በዚያ ከፍታ ሙቀቱ ከዜሮ በታች መሆን ነበረበት፤ በጥቅምት ቀትር ላይ ግን 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ላይ ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው፤ ለክንፍና ለሞተር 3400 ሜትር ላይ እንዳሉ ያህል ነው። አውሮፕላኑ ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን፣ ለመፍጠን ይበልጥ መንደርደር አለበት፤ ካልሆነ መንገደኛ ወይም ጭነት ይቀንሳል። 2300 ሜትር ላይ ያለችው ቦሌ 3800 ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ ያላት በከንቱ አይደለም። መካነ ሰላም ላይ ለኪው 400 የሚሆን ማረፊያ መሥራት ከኮምቦልቻው የረዘመ አስፋልት ይጠይቃል፤ ለዚያ ሁሉ ወጪ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ግማሹ ባዶ የሆነ አውሮፕላን ቢያርፍ ነው። በዚያ ገንዘብ የሚሠራውን ድልድይና የሚስተካከለውን ዳገት ማሰብ ይገባል።

ደጋው አውሮፕላን በእርግጥ ያስፈለገው መቼ እንደነበር ማስታወስ ደግሞ ሐሳቤን ሌላ አቅጣጫ ያሲዘዋል። በ77ቱ ድርቅ መኪና ወደማይደርስበት አምባ እህል የወረደው ከሰማይ ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከደጎሎ ማዶ ባለው በራቤል አካባቢ ሜዳ ላይ ዝቅ ብለው፣ የኋላ በራቸውን ከፍተው፣ እንዳይቀደድ ደርበው የከተቱትን እህል ይጥሉ ነበር። ማረፊያ ስላልነበረ አላረፉም። አንድ ሺህ ሜትር የተደለደለ ሜዳ ቢኖር ኖሮ በትንሽ አውሮፕላን እህሉም መድኃኒቱም ወርዶ፣ ሲመለስ በሽተኛ መጫን ይቻል ነበር።

ያን ጊዜ ድርቅ ነበር፤ በቅርቡ ደግሞ ጦርነት። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የምሥራቁ መንገድም የምሥራቁ ማረፊያም በአንድ ጊዜ ተዘጋ። በ2015 ክረምትም ወደ ክልሉ የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የመኪናው መንገድ በየጊዜው ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ አውሮፕላን ብቸኛው መውጫ ይሆናል፤ መውጫው ግን ማረፊያው አጠገብ ላለ ብቻ ነው። መካነ ሰላም፣ ከላላ፣ ደጎሎ ያለች ምጥ የጠናባት እናት መጀመሪያ የተዘጋውን መንገድ ማለፍ አለባት።

ስለዚህ እኔ የምለው መካከለኛውን ነው። ተርሚናል አይሠራ፤ ሜዳው ግን አይጥፋ። በመካነ ሰላምና በሞጣ ዓይነት ከተሞች ለማረፊያ የተያዘ መሬት ከተማው ሲሰፋ በቤት ማኅበርና በመጋዘን እየተቆራረሰ ቢሄድ ማንም አይጮህለትም፤ አንዴ ቤት ከተሠራበት ግን መልሶ ሜዳ ማድረግ በካሣ ብቻ የማይሆን ነገር ነው። አጥር፣ የተጠጠረ መንደርደሪያ፣ ውኃ የሚያሸሽ ቦይ፣ የነፋስ ከረጢት፣ አንድ ጠባቂ ይበቃል። ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እዚያ ያርፋል፤ ካራቫን የሚባሉትን በአገራችን የግል ኩባንያዎችም ያበሯቸዋል። ሐኪም ያመጣል፣ በሽተኛ ይወስዳል፣ ቸር ጊዜ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ እንግዳና ጎብኚ ይጭናል። ለዚህ የሚወጣው ለአስፋልት ማረፊያ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም፤ ወጪውንም ከትኬት ሽያጭ ሳይሆን ከጤናና ከአደጋ ዝግጁነት በጀት መጠበቅ ነው ትክክሉ።

ደጎሎ ግን ይህም አያስፈልጋት ይሆናል። በሽተኛዋን 60 ኪሎ ሜትር በአየር ርቃ ወዳለችው መካነ ሰላም ለመውሰድ በመኪና ዞሮ ገደል ወርዶ መውጣት አለና፣ ደቡቡ ይቀርባታል። የእሷ ሰዓት የሚያጥረው ወንጪት ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚደረመስ ጠርዝ ተደግፎ፣ ድልድዩ የክረምት ጎርፍ ችሎ፣ አምቡላንስ ማታም ሊያልፍበት ሲችል። እዚያ የምትቆጠብ አንዲት ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ከሚጨመር ዕለታዊ በረራ ይልቅ ለጃማ ገበሬ ትጠቅመዋለች። የወረዳውና የዞኑ ሰዎች በየዓመቱ «ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነን» እያሉ በቀጥታ መስመር ከሚከራከሩ፣ የወንጪትን ቁልቁለት በደቂቃ ለክተው ቢያቀርቡ የሚሰማቸው ያገኛሉ።